ያልተነሱትም ይግቡ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ፌሮ በሚል ቅጽል ስም ነው። ረጅም፣ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ዕድሜውንም የገፋው ከብረት ጋር ነው። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ ይበይዳል። እግሩ አያርፍም። ወንበር ስትሰጠው ጫፉ ላይ ይቀመጣል፤ ሻይ ስትቀዳለት ቆሞ ይጠጣል። መቆሙም ሲሰለቸው ሄዶ የቤቱን በር ይከፍትና ይዘጋል፤ ማጠፊያው ይጮህ እንደሆነ ያዳምጣል። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ልጅ ተኝቶ እንኳ የሚሄድበት አለው» ትለው ነበር።

እኔ የሱ ተቃራኒ ነኝ። ሥራዬ ተቀምጦ መጻፍ ነው። ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አጥር ጥግ፣ በላስቲክ ጥላ ሥር ጠረጴዛና ኮምፒውተር ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የውርስ፣ የይቅርታ፣ የቤት ክርክር፣ የፍቺ። ራሴ አንድ ቀን ሳላገባ ስንቱን ባልና ሚስት በሦስት ገጽ አለያይቻለሁ። በዚህ የሚስቅብኝ ብዙ ነው፤ ይሳቅ። የወረቀትን ነገር ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ግን ይምጣና እንተያይ።

ለዚህ ነው ፌሮ አንድ ቀን ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ ጋብቻችን የእውነት መሆኑን አስረዱ ተባልን» ሲለኝ ሳቅ ያፈነኝ።

«ታዲያ የውሸት ነው እንዴ?»

«እኔማ የእውነት መስሎኝ ነበር» አለ፣ ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው እየተዛወረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴና ፌሮ ተጋብተው ከኔና ከእማዬ ጋር በአንድ ግቢ ሁለት ዓመት ኖሩ። ከዚያ እህቴ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት ተቀጥራ ባሕር ማዶ ሄደች። እሱ እኛው ጋ ቀረ። ሦስት ዓመት ቆይታ ባሏን ለማስመጣት የሚያበቃ ፈቃድ አገኘች፤ ማመልከቻው ግን ውድቅ ከሆነ እንደገና ለማመልከት ሁለት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ «አልችልም» የሚባል ቃል የማታውቅ ሴት ናት። ያን ሰሞን ግን በስልክ «ጋሼ፣ ሌላ ሁለት ዓመት አልችልም» አለችኝ። «ለኔ ተይው፤ ይሄ የወረቀት ጉዳይ ነው» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሥራውን በፎቶ ጀመርኩ። የሠርጋቸውን አልበም አውርጄ አቧራውን ጠርጌ ስከፍት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። በአርባ ፎቶ ውስጥ ሙሽራው ዓይኑን የገለጠበት አንድም የለም። ዓይኑን መጨፈኑ ሳያንስ ፊቱንም ከሙሽራዋ አዙሯል። እህቴ ጥርስ በጥርስ ሆና ትስቃለች፤ እሱ ከጎኗ መርፌ ሊወጋ እንደመጣ ሰው አንገቱን ጠምዝዞ ቆሟል።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«ብልጭ ሲል ነዋ ጋሼ! ብልጭ ያለ ነገር ሳይ ዓይኔ ራሱ ይዘጋል። ያለ መነጽር ብየዳ ያየ ሰው ዓይኑ ምን እንደሚሆን ያውቁታል አይደል?»

እውነቱን ነው። እሱ ሥራ ላይ ፊቱን ማዞር የለመደው ገና በልጅነቱ ነው። ግን ይሄን ለማን ልንገር? «ዋናው ብዛቱ ነው» አልኩና ሠላሳውን መርጬ ከፋይሉ አስገባሁ።

ቀጥሎ ምስክር። ከግድግዳችን ወዲያ የምትኖረውን ጎረቤታችንን፣ እትዬን፣ ባልና ሚስት መሆናቸውን በጽሑፍ እንድትመሰክር ጠየቅኳት። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቻት ሄድኩ፤ ከሰዓት ስመለስ እንዲህ ጽፋ ጠበቀችኝ፦ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት ለመሆናቸው እኔ ምስክር ነኝ። እሷ መስኮት ይዘጋ፣ እሱ ይከፈት እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስተውኛል። ያልተጋባ ሰው ለመስኮት ይህን ያህል አይጣላም።» እንድታስተካክለው ለመንኳት። «የማውቀው ይሄንን ነው» ብላ ደረቀችብኝ። እሱንም አስገባሁት።

ደብዳቤ ተጻጽፋችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቀው ፌሮ «ምን ብዬ?» አለኝ። ደግሞ በየእሑዱ በኔ ስልክ፣ በኢንተርኔት አገናኛቸዋለሁ፤ የሱ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። «ደህና ነሽ? በላሽ? እንዴት ነው ብርዱ? በይ ጋሼ ያናግርሽ።» አለቀ። ስልኩን እንደጋለ ብረት መልሶ እጄ ላይ ይጥልልኛል። ከሷ ጋር አንድ ሰዓት የማወራው እኔ ነኝ። እውነት ለመናገር፣ ይሄ ሰው ለእህቴ ልብ ያለው አይመስለኝም ነበር። ስንት ሌላ ፈላጊ እያላት ይሄን ብረት ምን ብላ አገባች እያልኩ ብዙ ቀን ተብሰልስያለሁ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የስልክ ዝርዝር። ከሱ ስልክ ወደ ሷ፣ ከሷ ወደ ሱ የተደወለው ሁሉ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት። ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። በመስታወቱ ቀዳዳ ያነጋገረችን ልጅ ስክሪኗን አየት አደረገችና ጠየቀች።

«ያልተነሱትም ይግቡ?»

ፌሮ ክርኔን ያዘኝ። «ጋሼ፣ እነሱ እንኳ ባይገቡ…»

«ዝም በል» አልኩት፣ ሳልዞር። «ሁሉም ይግባ የኔ ልጅ! ያልተነሳውም የተነሳውም ይግባ!»

ሁለት መቶ ገጽ ወጣ። ገና ትኩስ ነው። እንደ ሕፃን አቅፌው ወጣሁ፤ ፌሮ ከኋላዬ አንድ ነገር ሊል አፉን እየከፈተ መልሶ ይዘጋል። አላዳመጥኩትም። አንድም ገጽ ሳላነብ ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን፣ ለስንቱ «ሳታነብ አትፈርም» እያልኩ የመከርኩበትን ሥራ እንዲህ አድርጌ ሠራሁት።

ፋይሉን ለኤምባሲው ካስገባን ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። ፌሮ ፖስታውን ሳይከፍት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ዙሪያዬን ይዞር ጀመር። አነበብኩት። ደብዳቤው፣ ሙሽራው በፎቶዎቹ ላይ ከሙሽራዋ ፊቱን ማዞሩን፣ ጎረቤት ስለ ጠብ እንጂ ስለ ፍቅር አለመመስከሯን ይዘረዝርና ወደ ዋናው ነገር ይገባል፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተመዘገቡት ከአሥር ሺህ በላይ ጥሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ርዝመታቸው ዜሮ ሰከንድ ነው፤ ይህም አመልካቾቹ እንደማይነጋገሩ፣ ጥሪዎቹም ለማስረጃ ሲባል ብቻ የተደረጉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያል። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ ይዞ ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርብ።

ደሜ ፈላ። ባለጉዳይ ፊት መሆኔን እንኳ ረሳሁት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ በራስህ ስልክ አንድ ቀን አላናገርካትም? እህቴ ሜዳ ላይ የወደቀች ናት? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!»

«እናወራለን እኮ» አለ።

«ዜሮ ሰከንድ!»

«አዎ። አናነሳውም። ካነሳነው ይበላሻል።»

ከዚያ ቆሞ፣ የሥራ ጓንቱን እየጠመዘዘ አስረዳኝ። እሷ ቀኑን ሙሉ አንዱን ታጥባለች፣ ሌላውን ታነሳለች፤ ስልክ ማውራት ክልክል ስለሆነ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ትሰማዋለች። እሱም መከለያውን ፊቱ ላይ አጥልቆ፣ መቁረጫው ጆሮ እያደነቆረ ማንንም መስማት አይችልም። ስለዚህ ሚስኮል ይደዋወላሉ፤ የሚቆጥሩት ብዛቱን ነው። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ሁለት ይደውልላታል፦ ሁላችንም ደህና ነን። ሥራ ሲገባ አንድ፦ ደረስኩ። እሷም እንደዚያው። «ሦስት ደግሞ…» ብሎ ቆመ።

«ሦስት ምንድን ነው?»

«ሦስት ሌላ ነው» አለና ጥሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝርዝሩን ቤት ውስጥ ዘርግተን ተቀመጥን። ተቀመጥን ማለቴ እኔ ነኝ፤ እሱ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይመላለሳል። ቀይ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዤ ጥሪዎቹን በቡድን እከብብ ጀመር። እውነትም እንዳለው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት። አንድ ተኩል ላይ አንድ። የብርድ ቀን፣ የዝናብ ቀን፣ እሱ እያመመው ሥራ የገባ ሰሞን፣ ምንም ሳይዛነፍ። በየመሀሉ ደግሞ ሦስት። ረፋድ ሦስት፣ ምሳ ሰዓት ሦስት፣ ማታ ሦስት። ከሁሉም የሚበዛው ሦስቱ ነው። ገጹን በገለበጥኩ ቁጥር ያ ሦስት ይመጣብኛል፤ ግን ልጠይቀው አፈርኩ።

ገጽ አርባ አንድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ሐሙስ ቀን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኖር የነበረበት ሁለት የለም። አንድ ተኩል ላይ አንድ ጥሪ ብቻ አለ። ከዚያ በታች ከሷ ስልክ የመጣ ጥሪ ይጀምራል፤ ይቀጥላል፤ ይቀጥላል። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት። ሃያ ስድስት፣ ሁሉም ዜሮ። ሃያ ሰባተኛው ዜሮ አይደለም፦ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። በሁለት መቶው ገጽ ውስጥ የተነሳ ስልክ እሱ ብቻ ነው።

ቀኑን ደግሜ አየሁት። እማዬ ባረፈች በማግስቱ ነው።

ያን ቀን አልረሳውም። እህቴ ገና ዓመት ያልሞላት፣ ባዕድ አገር፣ ብቻዋን ናት። ሥራ ላይ እያለች እንዳትሰማ፣ እሑድ ዕረፍቷ ሲሆን ጓደኛዋ ሰው ይዛ ሄዳ እንድታረዳት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፌሮን ደረቱን ይዤ አስምዬዋለሁ። «አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ አንተና እኔ አንተዋወቅም» ብዬዋለሁ። ጓደኛዋ እሑድ ስትደርስ ግን እህቴ ጥቁር ለብሳ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘቻት። «ማንም አልነገረኝም፤ ግን አውቄዋለሁ» ብላ ነበር። እኔም ያን ለስንቱ አውርቼዋለሁ፤ የልጅ ልብ እንዴት እንደሚያውቅ፣ ምስጢሩን ደግሞ እንዴት አድርጌ እንደጠበቅኩ።

«ፌሮ።»

ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ለማንበብ አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም፤ የት እንዳለ ያውቀዋል።

«ሁለት መደወል አቃተኝ ጋሼ» አለ። «ሁለት ማለት ሁላችንም ደህና ነን ማለት ነው። ስልኩን ያዝኩት፤ እጄ እምቢ አለኝ። የድንኳኑን ብረት ልቆርጥ ሥራ ስገባ አንዱን ደወልኩ፤ ቢቸኩል ነው ትላለች ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትደውል ጀመር። ማሽኑን አጠፋሁና ስልኩን እያየሁ ቁጭ አልኩ።»

«ቁጭ አልክ?»

«እስከ ምሳ ሰዓት ቁጭ አልኩ።»

ይሄ ሰው ቁጭ ሲል አይቼው አላውቅም።

«በመጨረሻ አነሳሁት። ‘እማዬ ናት?’ አለችኝ። እኔ ለእርስዎ ምያለሁ። ምንም አልነገርኳትም፤ ዝም አልኳት። ይቅር ይበሉኝ፤ አትናገር ብለው አስማሉኝ እንጂ ‘ደህና ናት በል’ አላሉኝም።»

«አራት ደቂቃ ሙሉ ዝም?»

«እሷ አለቀሰች። እኔ ስልኩን ይዤላት ነበር። ከዚያ የምታጥባቸው ሰውዬ ተጣሩ መሰለኝ፣ ዘጋችው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አልተናገረም። ሰው በተሰበሰበበት ምስጢር ጠባቂው እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራ እሱ በር ሥር ቆሞ ይሰማኝ ነበር። እህቴም ትንፍሽ ሳትል አሳለፈችኝ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። እኔ እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት የማወራት እህቴ በሕይወቷ የከፋውን ቀን ያሳለፈችው ከሱ ዝምታ ጋር ነው። እኔ በዚያች ሰዓት የድንኳን ወንበር እየቆጠርኩ ነበር።

ማብራሪያውን እዚያው ጻፍኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያጠረ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። የአንዱንና የሁለቱን ትርጉም አሰፈርኩና ቀና አልኩ።

«ሦስትን ምን ብዬ ልጻፍ? ባዶ አይተውም።»

ፌሮ ወደ በሩ ሄደ። ከፈተው። ዘጋው። ማጠፊያውን በአውራ ጣቱ ደባበሰው።

«ያው… ትዝ አልሽኝ ነው» አለ፣ ለበሩ።

«ሦስት ጥሪ፦ ትዝ አልሽኝ» ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «እባክዎ ገጽ አርባ አንድን ይመልከቱ» አልኩና ለፊርማ ሰጠሁት።

በቃለ መጠይቁ ቀን ከኤምባሲው ፊት ለፊት አጥር ተደግፌ ጠበቅኩት። ያን ቀን የሱ መንቀዥቀዥ ወደ ኔ ተጋብቶ ስመላለስ ዘበኛው «አባት፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ከገባ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ወጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«ተናገር እንጂ!»

«መጀመሪያ ፎቶ አነሱኝ» አለ። የምትጠይቀው ሴትዮ ኮስታራ ነበረች አሉ። ካሜራው ብልጭ ሲል እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን አዞረ። «እንደገና» አለችው። እንደገና አዞረ። ሦስተኛም፣ አራተኛም። በአራተኛው ላይ ሴትዮዋ ፋይሉን ገለጠችና የሠርጉን ፎቶዎች አየት፣ እሱን አየት አደረገች፤ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሲነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገጽ አርባ አንድን አወጣች። ‘በዚህች አራት ደቂቃ ምን አሏት?’ አለችኝ። ‘ምንም’ አልኳት። ለምን አለችኝ። እንደነገርኩዎት ነገርኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷም ዝም አለች። ከዚያ ፋይሉን ዘጋችና ‘ይሂዱ፤ እናሳውቅዎታለን’ አለችኝ።»

ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ፌሮ በነዚያ ሳምንታት የግቢያችንን በርና መስኮት በሙሉ ነቅሎ እንደገና ገጠመ፤ የእትዬንም ጭምር። ተፈቀደ የሚለው ወረቀት ሲመጣ ጮኼ አቀፍኩት። ማታውን እራት ስንበላ ግን ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ማስረጃውን እየለቃቀምኩ የሰጠሁት እኔ፣ ብቻውን የሚቀረውም እኔ እንደሆንኩ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ብዙ አልተባባልንም። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እንግዲህ…» አለና ስልኬን በጣቱ ነካ አደረገው። ገብቶኛል አልኩት።

አልገባኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነስቼ፣ ለባብሼ፣ ባለጉዳይ ቀጥሬ ስለነበር እየተጣደፍኩ ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝና ወደ እህቴ ስልክ አንድ ጊዜ ደውዬ ዘጋሁ፤ ደረስኩ ማለቴ ነው። ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። የውርስ ክርክር ነበር፤ ሦስት ወንድማማቾች ጭንቅላቴን ሲያዞሩት አረፈዱ። ምሳ ሰዓት ላይ መሳቢያውን ስከፍት ከእህቴ ስልክ ሠላሳ አንድ ያልተነሳ ጥሪ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ለካ ከቤት ሳልወጣ ሁለቱን አልደወልኩም። አንድ ብቻ። እንደዚያ ሐሙስ።

ቆሜ ነው የደወልኩት። ሁለት ጊዜ። ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም የሚባለው አሁን እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ግን ደህና ነኝ፣ ውሸት አይደለም። የስልኩን ድምፅ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና አፈጠጥኩበት። ወንድማማቾቹም ክርክራቸውን ትተው አብረውኝ አፈጠጡ።

ጮኸና ዝም አለ። ጮኸና ዝም አለ።

እጄን ሰብስቤ ጠበቅኩ። ሦስተኛውም ጮኸ። አላነሳሁትም።